«አንጣላም» የሚለው ቁልፍ ሠሪ

ባለፈው ክረምት፥ በመሥሪያ ቤታችን አዲስ የተቀጠረ አንድ ወጣት ባልደረባዬ፥ ወደ ማታ ዳቦ ሊገዛ ወጣ ሲል ነፋሱ የተከራየውን ክፍል በር ከኋላው ግው አድርጎ ዘጋበት። ቁልፉ በውስጥ ጠረጴዛ ላይ ቀርቷል። ዝናቡ ይወርዳል። አንድ የጎረቤት ልጅ ከስልኩ ውስጥ የቁልፍ ሠሪ ቁጥር ፈልጎ ሰጠውና ተደወለ፤ ሰውዬውም ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ደረሰ። ወጣቱ «ስንት ታስከፍለኛለህ?» ቢለው «ችግር የለም ወንድሜ፤ አንጣላም» አለው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ሳይገምተው አይቀርም። ሰውዬው በሩን ገፋ አድርጎ እንኳ ሳያይ መሰርሰሪያውን አውጥቶ የቁልፉን ሲሊንደር በሳው። በሩ ተከፈተ። «ይህ እንግዲህ አይሠራም» ብሎ አዲስ ሲሊንደር ከገጠመ በኋላ ሒሳቡን 4,500 ብር አለ። ሲከራከረው ድምፁን ከፍ አደረገና ጎረቤት ሁሉ ወጣ፤ ወጣቱም አፍሮ ከፈለ።

እኔ የሚደንቀኝ ይህ ማፈራችን ነው። ያው ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ አትክልት ተራ ወርዶ ለአንድ ኪሎ ቲማቲም ሩብ ሰዓት ሲከራከር አይቼዋለሁ። ባለሙያ ሲመጣ ግን ዋጋ አስቀድሞ መቁረጥ ሰውየውን መጠራጠር ይመስለናል፤ ወይም የተማረ ሰው ክብር አይፈቅድም እንላለን። «አንጣላም» የሚለው ቃል ደግሞ ከዚሁ ይሉኝታችን ላይ የሚያርፍ ነው። ዋጋው ያልተነገረ ሥራ ከተሠራ በኋላ ዋጋውን የሚቆርጠው ሠሪው ብቻ ነው፤ በሩ ከፍቶ፥ ዕቃው ተፈትቶ፥ ሌሊቱ ገፍቶ ሳለ ማን ይከራከረዋል?

ለመጠየቅ ደግሞ ጥቂት ዕውቀት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ስለ ቁልፉ አሠራር ትንሽ ልናገር። ዛሬ በየበራችን ያለው ሲሊንደር አሜሪካዊው ላይነስ ዬል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1860ዎቹ ካሻሻለው ዓይነት የተወለደ ነው፤ መሠረተ ሐሳቡንማ የጥንት ግብፃውያን በእንጨት ሠርተውበት ነበር። በውስጡ አምስት ወይም ስድስት ጥንድ ትናንሽ ዘንጎች በሞላ ተገፍተው ይቆማሉ፤ የቁልፉ ጥርሶች እያንዳንዱን በልኩ ሲያነሡት ሲሊንደሩ ይዞራል። ሙያውን የሚያውቅ ሰው እነዚህን ዘንጎች በቀጭን ብረት አንድ በአንድ እያነሣ ሳያበላሽ መክፈት ይችላል። ሲሊንደርን መብሳት የመጨረሻው መንገድ ነው።

የባልደረባዬ በር ግን ከዚህም የቀለለ ነበር። በቁልፍ ዞሮ አልተቆለፈም፤ በነፋስ ብቻ ተዘግቶ ምላሱ ገባ እንጂ። ይህን ዓይነቱን በር አብዛኛውን ጊዜ ጠንከር ያለ የፕላስቲክ ቁራጭ በስንጥቁ አስገብቶ ምላሱን በመግፋት መክፈት ይቻላል። እንግዲህ ቁልፍ ሠሪ ስትጠራ «በሩ ተቆልፏል ወይስ ተዘግቷል ብቻ?» ብሎ ካልጠየቀህና መጀመሪያ የሚያነሣው መሰርሰሪያውን ከሆነ፥ እጁን ያዘው። «ሳትበሳ የምትከፍተው በስንት ነው? ብትበሳውስ? አዲሱ ሲሊንደርስ?» በለው። ሦስቱንም በቁጥር ካልነገረህ ሸኘው፤ አንድ ሌሊት ጓደኛ ቤት ማደር ከዚህ ይረክሳል። ከመምጣቱ በፊት ቀብድ በስልክ ላክልኝ ለሚለው ደግሞ መልስ መስጠትም አያስፈልግ።

ደግሞም ቤቱ የማን እንደ ሆነ ያልጠየቀህን ሰው ፍራው። መታወቂያህን ወይም የአከራይህን ቃል ሳይፈልግ ለአንተ የከፈተ፥ ነገ ለሌላው ሳይጠይቅ ይከፍታል። ብዙዎቻችን «ሌባ መሰልኩህ ወይ?» ብለን የምንቆጣው በሐቀኛው ላይ ነው።

ይህን ስል በመርካቶና በፒያሳ መንገድ ዳር ትንሿን መኪና ዘርግተው ቁልፍ እየቀረጹ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉትን ሁሉ አንድ ላይ መውቀሴ አይደለም። ብረት ሠሪን መስደብ በአገራችን የቆየ ነውር ነው፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሳደብ ሰው እንዲቀጣ እስከ ማወጅ የደረሱት ስለዚህ ነው። አታላዩ የሚጎዳው እኛን ብቻ ሳይሆን እነዚህንም ነው።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይምሰላችሁ። በአሜሪካ በስልክ እጅግ አነስተኛ ዋጋ ተናግሮ፥ በር ላይ ሲደርስ ሲሊንደሩን በስቶ ብዙ እጥፍ ማስከፈል የታወቀ የማታለል ሥራ ሆኖ ኖሯል፤ የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በጃንዋሪ 2016 በሰፊው ጽፎበታል። በማርች 2025 ደግሞ ጉግል ከካርታው ላይ ከ10,000 በላይ ሐሰተኛ የንግድ ቤት አድራሻዎች ማስወገዱን ገልጾ ክስ መሥርቷል፤ ምርመራውን ያስነሣውም አንድ የቴክሳስ ድርጅት «ፈቃድ የሌለው ቁልፍ ሠሪ በስሜ ይነግዳል» ብሎ ማመልከቱ ነበር። ቴክሳስና ካሊፎርኒያ ቁልፍ ሠሪን ያለ ፈቃድ እንዳይሠራ በሕግ ይከለክላሉ፤ ሆኖም የሚታለል አልጠፋም። ለትምህርት ወደዚያ የምትሄዱ ወይም ዘመድ ያላችሁ፥ ከስልክ ላይ መጀመሪያ የወጣው ቁጥር የሰፈሩ ባለ ሱቅ ነው ብላችሁ አትመኑ።

ወደ ባልደረባዬ ልመለስ። በማግሥቱ ጠዋት ግቢው ውስጥ የአዲሱን ሲሊንደር ባዶ ማሸጊያ ወድቆ አገኘው። ላዩ ላይ «5 ቁልፍ» ይላል። የተሰጠው ግን ሦስት ነው። ስልኩን ቢደውል አይነሣም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ 4,500 ብሩን ረስቶ የሁለቱ ቁልፍ ነገር እንቅልፍ ነሣው። ቅዳሜ አብረን መርካቶ ወርደን ሌላ ሲሊንደር ገዛን፤ የቀድሞውን ርዝመት ከመሐል ካለው የቡሎን ቀዳዳ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ለክተን ስለ ነበር ልኩ አልጠፋብንም። በበሩ ጠርዝ ከምላሱ በታች ያለችውን አንዲት ረጅም ቡሎን ፈታን፤ ቁልፉን አስገብተን ጥቂት ዘወር ስናደርገው አሮጌው ወጣ፤ አዲሱ ገባ። የፈጀብን አሥር ደቂቃ፥ መሣሪያችን አንድ ካቻቢቴ። ማሸጊያውን ቀድዶ ቁልፎቹን ሲቆጥር ግን ሁለት ጊዜ ቆጠራቸው።