ቢጎን የቆፈረው ማን ነው?

ወገን! ዛሬ ከአገር ወጣ ብለን ኡጋንዳ እንግባ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ እኛው ጋ ስለሚመጣ ሳትሰለቹ አንብቡት።

በኡጋንዳ፣ ከካቶንጋ ወንዝ በስተ ደቡብ፣ ቢጎ ብያ ሙጌኒ የሚባል ቦታ አለ፤ "የእንግዳው ምሽግ" እንደ ማለት ነው። የድንጋይ ግንብ አትጠብቁ። ያለው ጉድባ ነው፤ ሲደመር ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን፣ አንዳንድ ቦታ አለቱ ተፈልፍሎ እስከ 5 ሜትር የሚጠልቅ፣ በሰው እጅ የተቆፈረ ጉድባ። የአካባቢው አፈ ታሪክ ባቸዌዚ የተባሉ፣ ነግሠው ነግሠው ድንገት የተሰወሩ ገዥዎች ሥራ ነው ይላል። ሙጌኒም ከነሱ የአንዱ ስም ነው።

እንግሊዛዊው አሳሽ ጆን ሐኒንግ ስፒክ በ1863 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ የሐይቆቹ አካባቢ ነገሥታት ዘር ከሐበሻ ምድር የመጣ ነው ብሎ ጻፈ። ከሱ በኋላ የመጡትም ሐሳቡን ተቀባበሉት። ስሌታቸው ግልጽ ነበር፤ የአገሬው ጥቁር ሰው መንግሥት ሊያቆም አይችልም፣ ስለዚህ ያቆመው ከሰሜን የመጣ ሌላ ዘር መሆን አለበት።

ለኛ ጆሮ ይጣፍጣል፣ አይደል? "አያቶቻችን እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ ገዝተዋል" ብሎ መለጠፍ ምን ይከብዳል! ግን ሙገሳው እኮ ከሌላው ተቀምቶ የተሰጠን ነው።

መሬቱ ምን አለ? ፒተር ሺኒ በ1957፣ ሜሪክ ፖዝናንስኪ በ1960 ቦታውን ቆፍረዋል። የተገኘው ሸክላ የዚያው አካባቢ ሸክላ ነው። ዕድሜው ከ14ኛው እስከ 16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ይደርሳል። ደግሞ ብዙም ሳይርቅ ንቱሲ የሚባል ሰፊ መንደር አለ፤ እዚያ ሰዎች ከ11ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ከብት ያረቡ፣ እህል ይፈጩ ነበር። ማለትም ከቢጎ በፊትም ባለ አገሮቹ እዚያው ነበሩ። ከውጭ ቆፋሪ መፈለግ ለምን አስፈለገ?

ምሽግ ነው ወይ የሚለው ግን ገና ያከራክራል። 10 ኪሎ ሜትር ጉድባ ለመጠበቅ ስንት ዘበኛ ይበቃል? ደግሞም ብዙ ቦታ ክፍት ነው። ፖዝናንስኪ የመሃሉን ቅጥር የንጉሥ መቀመጫ አድርጎ አይቶታል። የውጭው ጉድባ ለከብት ነው የሚሉ አሉ። ሙንሳ በሚባለው ተመሳሳይ ቦታ ደግሞ ሰብልን ከዝሆን ለመከላከል ሳይሆን አይቀርም ተብሏል፤ ዝሆን ያየ ገበሬ አይስቅበትም። እኛ እንደምናየው፣ ከብት ሀብትም ሥልጣንም በሆነበት አገር በረትና ምሽግን ለይቶ መጠየቁ ራሱ ትክክል አይመስልም።

"ባቸዌዚ የኛ ናቸው" የሚል ጽሑፍ ሲደርሳችሁ ከማጋራታችሁ በፊት፣ ሸክላውስ የማን ነው በሉ። ይህ የሚዲያ ቀልድ አይደለም። የስፒክ ተረት ሩዋንዳም ደርሷል። በኅዳር 1992 ሊዮን ሙጌሴራ የተባለ ፖለቲከኛ አደባባይ ቆሞ የቱትሲዎች አገር ኢትዮጵያ እንደሆነች፣ በኒያባሮንጎ ወንዝ በኩል ቶሎ እንዲደርሱ እንደሚላኩ ተናገረ። በ1994 የተገደሉ ሰዎች አስከሬን በዚያ ወንዝ ወርዶ ቪክቶሪያ ሐይቅ ገባ። ሙጌሴራ የዕድሜ ልክ እስራት የተፈረደበት በ2016 ነው።