ከ«አልሐምዱሊላህ» በኋላ ያለው ጥያቄ



ለዒድ እረፍት ሸዋ ሮቢት ቤተሰቦቼ ዘንድ ሳለሁ ከአያቴ ጋር የጎረቤት አራስ ልንጠይቅ ሄድን። «እንዴት ነሽ?» አልኳት። «አልሐምዱሊላህ» አለችኝ። «ልጁስ?» «አልሐምዱሊላህ።» እኔ በዚሁ ረካሁ። አያቴ ግን አጠገቧ ተቀምጠው «ልጄ፣ እንቅልፍ ይወስድሻል? እህል ይጥምሻል?» ሲሏት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ያሳስበኛል። በእርግዝና ጊዜና ከወሊድ በኋላ የሚመጣን የመንፈስ ጭንቀት ለመለየት በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት የኤድንብራ መጠይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በስኮትላንድ የተዘጋጀ ሲሆን አሥር ጥያቄዎች አሉት። እርግዝናና ወሊድ በራሳቸው ድካምና ሕመም ስለሚያመጡ፣ አዘጋጆቹ የአካል ስሜቶችን ባብዛኛው ትተው ስለ ስሜትና ሐሳብ ይጠይቃሉ።

የእኛ እናቶች ግን ጭንቀታቸውን የሚናገሩት በአካላቸው ነው። «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤን ይይዘኛል»፣ «ጉልበቴ ከዳኝ» ይላሉ። መጠይቁ የተወው ቋንቋ የእነርሱ ቋንቋ ሆነ ማለት ነው።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በቡታጅራ ገጠር፣ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም በሆነበት አካባቢ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት የኤድንብራው መጠይቅ በዚያ ደህና ሆኖ እንዳልሠራ አሳይቷል። ስለ ራስ ምታት፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ምግብ ፍላጎት ጭምር «አዎ» ወይም «አይ» በሚያስብሉ ሃያ ጥያቄዎች የሚጠይቀው የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የአዲስ አበባ ጥናት ደግሞ ያው የኤድንብራ መጠይቅ በከተማዋ እናቶች ዘንድ በደንብ እንደሠራ አሳየ። አገሩ አንድ፣ ውጤቱ ሁለት!

ስለዚህ ለይፋት ቆላ እናት የአዲስ አበባውን ወረቀት እንዳለ ማምጣት አይበቃም። አርጎብኛ ለምትናገረዋም በአፍ መፍቻዋ ሊጠየቅላት ይገባል። የጤና ተማሪ እህቶችና ወንድሞች ለመመረቂያ ጥናታችሁ ርዕስ ስትፈልጉ ይህን አስቡበት።

«ኢማኗ ደክሞ ነው» የሚሉም አሉ። እነርሱ ሱረቱ መርየምን ደግመው ይመልከቱ (19፡23-26)። መርየም ዐለይሃ ሰላም ምጥ ሲይዛት ምነው ከዚህ በፊት በሞትኩ ብላ ተመኝታለች። የተሰጣት መልስ ወቀሳ አልነበረም፤ ማጽናኛ፣ ውሃና የተምር እሸት እንጂ። ታዲያ እኛ ማን ሆነን ነው አራሷን የምንወቅሰው? በኒፋስ ጊዜ ሶላት የማትሰግደውም በሸሪዓው ነው፤ ከአላህ የራቀች መስሏት የምትጨነቅ ካለች ይህን እናስታውሳት።

ባህላችን አራስን ብቻዋን አይተዋትም፤ ገንፎው አለ፣ ቡናው አለ፣ ዱዓው አለ። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። የጎደለው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። «አልሐምዱሊላህ» ምስጋና ነው፤ የጤና ማስረጃ አይደለም። እህት፣ ሚስት ወይም ጎረቤት የወለደችባችሁ ሁሉ ከዚያ በኋላ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ምግቧ፣ ስለ ልቧ ጠይቁ። ጭንቀቱ ሁለት ሳምንት ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። ራሷን ወይም ልጇን ስለ መጉዳት ከተናገረች ግን ያን ቀን አታሳድሩ። ዱዓውም ሕክምናውም ጎን ለጎን ይሂዱ።

አላህ ለእናቶቻችን ዓፊያ ይስጥልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።