ትርፍ እያላቸው ግብር የማይከፍሉ ኩባንያዎች፦ ሕንድ ያበጀችው መላ እና የምሥራቅ አፍሪካ ፈተና

አንድ ኩባንያ ለባለአክሲዮኖቹ ዳጎስ ያለ ትርፍ ካከፋፈለ በኋላ፣ ለግብር ሰብሳቢው ግን “ግብር የሚጣልበት ገቢ የለኝም” ሊል ይችላል። በሕንድ ይህ ለረጅም ጊዜ ሕጋዊ አሠራር ነበር።

ምክንያቱ ትርፍ በሁለት መንገድ መሰላቱ ነው። አንደኛው በኩባንያ ሕግ መሠረት በሒሳብ መዝገብ የሚሠፍረው ትርፍ ሲሆን፣ ሌላው በገቢ ግብር ሕግ የሚሰላው ነው። የግብር ሕጉ ለማሽነሪ እርጅና ከፍተኛ ተቀናሽ፣ ለኢንቨስትመንትም ማበረታቻ ስለሚፈቅድ፣ ሁለተኛው ቁጥር ወደ ዜሮ ሊወርድ ይችላል።

ሕንድ ይህን ለመግታት እአአ በ1987 በሒሳብ መዝገብ ትርፍ ላይ የተመሠረተ ዝቅተኛ ግብር ጣለች። በ1990 ብትተወውም፣ በ1996 በገንዘብ ሚኒስትሩ ፒ. ቺዳምባራም ዘመን መልሳ አመጣችው። በ2000 በ7.5 በመቶ የተጀመረው አዲሱ ስሌት በ2011 18.5 በመቶ ደርሶ፣ በ2019 ወደ 15 በመቶ ዝቅ ብሏል።

በዚህ ምጣኔ መቶ ሚሊዮን ሩፒ ያተረፈ፣ ነገር ግን በተቀናሾች ምክንያት ግብር የሚከፈልበት ገቢው 20 ሚሊዮን ብቻ የሆነ ኩባንያን እንመልከት። በመደበኛው 30 በመቶ ስሌት ስድስት ሚሊዮን ይከፍል ነበር፤ ዝቅተኛው ግብር ግን 15 ሚሊዮን ያስከፍለው ነበር። የዘጠኝ ሚሊዮኑ ልዩነት ለመጪዎቹ ዓመታት ግብር ማካካሻ ይያዝለት ነበር።

ስሌቱን የተመሰከረለት የሒሳብ ባለሙያ በሪፖርት ማረጋገጥ ይጠበቅበታል። ለባለአክሲዮን የሚቀርበው ትርፍ ለግብርም መነሻ በመሆኑ፣ ለአንዱ አብዝቶ ለሌላው አሳንሶ ማሳየት ትርጉም ያጣል።

ይሁን እንጂ መላው ተቃርኖ አለበት፤ መንግሥት በአንድ እጁ የሰጠውን ማበረታቻ በሌላው መልሶ ይወስዳል። በ2019 የገንዘብ ሚኒስትሯ ኒርማላ ሲታራማን አብዛኞቹን ማበረታቻዎች ለሚተዉ ኩባንያዎች 22 በመቶ ግብር ሲፈቅዱ፣ ከዝቅተኛው ግብርም ነፃ አድርገዋቸዋል። የተጠራቀመ ማካካሻ የነበራቸው ግን ወደ አዲሱ ሥርዓት ለመግባት እርሱን መተው ነበረባቸው።

ጉዳዩ ለምሥራቅ አፍሪካም ቅርብ ነው። ኬንያ በ2021 ከጠቅላላ ሽያጭ ላይ አንድ በመቶ ዝቅተኛ ግብር ብትጥልም፣ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ሕገ መንግሥቱን ይፃረራል ሲል ሽሮታል። ኢትዮጵያም በ2017 ዓ.ም ባሻሻለችው የገቢ ግብር አዋጅ በዓመታዊ ሽያጭ ላይ የተመሠረተ 2.5 በመቶ ዝቅተኛ ግብር አስገብታለች።

ልዩነቱ ከመነሻው ነው። የሕንዱ ትርፍን ስለሚመለከት የከሰረ ኩባንያ አይነካውም። በሽያጭ ላይ የሚጣለው ግን የትርፍ ህዳጉ ጠባብ የሆነውን ነጋዴም ሆነ የከሰረውን ከካፒታሉ ሊያስከፍል ይችላል። በአንፃሩ ሽያጭን መቆጣጠር ትርፍን ከመመርመር ይቀላል፤ የሕንዱ መንገድ የሚሠራው የሒሳብ መዝገቡ የሚታመን ሲሆን ነው። ስለዚህ ዝቅተኛ ግብር ፍትሐዊ እንዲሆን ከምጣኔው በፊት የኦዲት ሥራው መጠናከር ይኖርበታል።