የትንሽ ጀልባ መድን ከሰው ይጀምር

ሚያዝያ ሲጋመስ በፖቶማክ ወንዝና በቨርጂኒያው ሌክ አና ዳርቻ፣ ጀልባ ማውረጃው ጋ መኪኖች ተሳቢ እየጎተቱ ይሰለፋሉ። ከመካከላቸው የእኛም ሰው አለ። ልጆቹ ላይፍ ጃኬታቸውን ከቤት ጀምረው አጥልቀው ይቁነጠነጣሉ፣ እናት ቡናውን በፔርሙዝ ይዛለች፣ አባት አንገቱን አዙሮ ያገለገለች ባለ 19 ጫማ ጀልባውን ቀስ እያለ ወደ ውሃው ያስጠጋል። ዓመቱን ሙሉ ሁለት ሥራ ሲሠራ የከረመ ሰው ይህን ደስታ ቢያገኝ ይገባዋል። እኛን ያሳሰበን ከዚያ ቀን በፊት በአምስት ደቂቃ የስልክ ንግግር የሚያልቀው ጉዳይ ነው፤ መድኑ።

አብዛኛው ሰው ለወኪሉ የሚያቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ “ርካሹ ስንት ነው?” ከዚያ ጀልባዋን በገዛበት ዋጋ ያስመድንና በሌላ ሰው ላይ ለሚደርሰው ጉዳት ያለውን ሽፋን ወደ ዝቅተኛው ያወርደዋል። የዝግጅት ክፍላችን አቋም የዚህ ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ የሚገዛው የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት ሽፋን ነው፤ መጠኑም ጀልባዋ የ12 ሺህ ዶላር ብትሆንም ከ300 ሺህ ዶላር ማነስ የለበትም። ገንዘብ ካጠረ የሚቀነሰው ለጀልባዋ አካል የሚከፈለው ነው።

ቨርጂኒያም ሆነች ሜሪላንድ የመዝናኛ ጀልባ ባለቤት መድን እንዲገባ በሕግ አያስገድዱም። ዩታና አርካንሳስ ከ50 የፈረስ ጉልበት በላይ ላላቸው ጀልባዎች ያስገድዳሉ፤ ሌላ ቦታ የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ ማሪናው ወይም ያበደረው ባንክ ነው። “ሕግ ካላስገደደኝ ምን አስጨነቀኝ” የሚለው አስተሳሰብ የሚመጣውም ከዚህ ነው። ነገር ግን የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በ2023 የመዘገባቸው የመዝናኛ ጀልባ አደጋዎች 3,844 ነበሩ። በእነዚህ አደጋዎች 564 ሰዎች ሞተዋል፣ 2,126 ቆስለዋል። ፕሮፔለር የዋናተኛ እግር ቢያገኝ ሄሊኮፕተሩ፣ ቀዶ ጥገናው፣ ወራት የሚፈጀው ሕክምናና የቀረው ደመወዝ የሚጠየቀው ከጀልባዋ ባለቤት ነው። ሽፋኑ ካለቀ ተራው የቤቱና የቁጠባው ይሆናል። ከ100 ሺህ ወደ 300 ሺህ ከፍ ለማለት በአረቦኑ ላይ የሚጨመረው ደግሞ ከዚህ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

“የቤቴ ኢንሹራንስ ይሸፍናታል” የሚለውን ደጋግመን ሰምተናል። በብዙ ስቴቶች መነሻ የሆነው መደበኛ የቤት መድን ቅጽ ለጀልባ፣ ለሞተሯና ለተሳቢዋ በአንድ ላይ የሚሰጠው 1,500 ዶላር ብቻ ነው። ከግቢ ውጭ ብትሰረቅ አይከፍልም። ከ25 የፈረስ ጉልበት በላይ የሆነ የራስዎ አውትቦርድ ሞተር የሚያደርሰውን ጉዳትም ከኃላፊነት ሽፋኑ ያወጣዋል። ስለዚህ ለጀልባዋ የራሷ ውል ያስፈልጋታል።

ለአካሏ ሽፋን የሚገዛ ሰው ሁለት ዓይነት ዋጋ ይቀርብለታል። አንደኛው አስቀድሞ የተስማሙበት ዋጋ ነው፤ ሌላው አደጋው በደረሰበት ዕለት እርጅናዋ ተቀንሶ የሚገመተው ነው። በ14 ሺህ ዶላር የተመደነች ጀልባ ከስድስት ዓመት በኋላ ብትቃጠል በመጀመሪያው ውል 14 ሺህ፣ ዲዳክተብሉ ተቀንሶ፣ ይከፈላል። በሁለተኛው ግን ገማቹ የዕለቱ ዋጋዋ ስምንት ሺህ ነው ካለ ስሌቱ የሚጀምረው ከስምንት ሺህ ነው። እኛ የስምምነት ዋጋውን እንመርጣለን። አረቦኑ ከከበደ ዲዳክተብሉን ከፍ አድርጎ እሱኑ መያዝ ይሻላል።

ካሳ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚደነግጠው ከዚህ በሚቀጥለው ላይ ነው። ሞተራቸው በውስጥ ሆኖ ማንቀሳቀሻቸው ከኋላ በሚወጣ ጀልባዎች ላይ፣ ዘንጉ በሚያልፍበት ቀዳዳ ዙሪያ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ጎማ አለ። ጎማው ያረጃል፤ ከእጥፋቱ ስር ስለሚሰነጠቅም ባለቤቱ ላያየው ይችላል። ማሪና ላይ ታስራ ባደረች ሌሊት ውሃው በስንጥቁ ይገባል፣ ፓምፑ ባትሪው እስኪያልቅ ይታገላል፣ ጠዋት ባለቤቱ ሲመጣ ገመዶቹ ተወጥረው ጀልባዋ ከውሃው ስር ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። መድን ድርጅቱ ያረጀውን ጎማ እንደማይከፍል የታወቀ ነው፤ እርጅና በየትኛውም ውል አይሸፈንም። ጥያቄው ጎማው ባመጣው መስጠም ላይ ነው። አንዳንድ ውል መስጠሙን ይከፍላል፣ አንዳንዱ ከእርጅና የመጣ ስለሆነ ብሎ ጎማውንም ጀልባዋንም ይጥላል። ሁለቱ ውሎች በዋጋ ሲወዳደሩ ልዩነቱ አይታይም፤ የሚገኘው የማይሸፈኑት ነገሮች በሚዘረዘሩበት ገጽ ላይ ነው።

የሰመጠችው ጀልባ እዚያው አትተውም። ጠላቂና ክሬን ያስፈልጋል፣ ማሪናውም ቦታውን ይፈልገዋል። ይህን የማንሻ ወጪ ለጀልባዋ ከተገባው ካሳ ላይ የሚቀንሱ ውሎች አሉ፤ ለብቻው የሚከፍሉም አሉ። የሚሻለው ሁለተኛው እንደሆነ አያከራክርም። ከታንኩ የሚፈሰው ቤንዚንም የባለቤቱ ዕዳ ነው። የኤክሶን ቫልዴዝ መርከብ አላስካ ላይ ዘይት ካፈሰሰች በኋላ በ1990 የወጣው የፌዴራል ሕግ ትንሿን ጀልባ አልተወም። የማጽጃው ተጠያቂነት ጣሪያ ለእሷም ቢሆን ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። “አሮጌ ናት፣ ብትሰምጥም ትስመጥ” ብሎ ያለ ምንም ሽፋን የሚያስራት ሰው ይህን ማወቅ አለበት። የአካሏን ሽፋን ይተው እንላለን፤ የማንሻውንና የፈሰሰውን ማጽጃ ሽፋን ግን አይተው።

በእኛ ማኅበረሰብ ደግሞ ለብቻው መታየት ያለበት ነገር አለ። ጀልባ ብዙ ጊዜ ለብቻ አይገዛም፤ ሦስት አራት ጓደኛሞች አዋጥተው፣ አንዳንዴም ዕቁብ የደረሰው ጨምሮበት፣ በአንዱ ስም ትመዘገባለች። ሌሎቹ ባለቤት መሆናቸውን፣ እንደሚነዷትም መድን ድርጅቱ ካላወቀ፣ ያልተመዘገበው ሰው ሲነዳ በደረሰ አደጋ ካሳው ሊከለከል ይችላል። ሁሉም በውሉ ላይ በስም ይግቡ። የቨርጂኒያ ሕግ 10 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ የሆነ ሞተር የሚነዳ ሁሉ የደኅንነት ትምህርት እንዲወስድ ስለሚያዝ፣ የምስክር ወረቀታቸውንም አብረው ያስገቡ። ብዙ ድርጅቶች ለእሱ አረቦን ይቀንሳሉ።

ሌላው የገንዘብ ነገር ነው። ተሳፋሪዎች ለቤንዚንና ለምግብ በፈቃዳቸው ቢያዋጡ የፌዴራል ሕጉ እንደ ክፍያ አይቆጥረውም። “በነፍስ ወከፍ 40 ዶላር” ተብሎ ለልደት ወይም ለምረቃ ሰው ሲጫን ግን ጀልባዋ የንግድ ሆነች ማለት ነው፤ የካፒቴን ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የግል መድኑም አይሠራም። ቅዳሜና እሁድ ማከራየትም እንዲሁ ነው። ይህ በጓደኛ ፊት የማይመች ንግግር መሆኑን እናውቃለን። ቢሆንም ከጉዞው በፊት ይነገር።

ልጆችን በተነፋ ጎማ ላይ የሚጎትት ሰው የተጎታቹ ጉዳት መሸፈኑን ያረጋግጥ፤ አንዳንድ ውል በግልጽ ያስወጣዋል። ክረምት ላይ ውሃው ያልተፈሰሰለት ሞተር በብርድ ሲሰነጠቅም ብዙ ውሎች አይከፍሉም። ጎታች ማኅበር አባል መሆንም መድን አይደለም፤ ነዳጅ ላለቀበት ይደርሳል፣ ለተጎዳ ሰው አይከፍልም።

ወኪሉ “ሁሉንም ይሸፍናል” ካለ አራቱን ጥያቄ በኢሜይል ላኩለት፤ ጎማው አርጅቶ ብትሰምጥ ይከፈላል ወይ? የማንሻው ወጪ ከጀልባዋ ካሳ ይቀነሳል ወይ? ዋጋዋ የስምምነት ነው ወይስ የዕለት? እነዚህ ሰዎች ሁሉ እንዲነዱ ተፈቅዶላቸዋል ወይ? መልሱ በጽሑፍ እስኪመጣ ድረስ አረቦኑ አይከፈል። ካልመጣ ደግሞ ሌላ ወኪል ዘንድ ይደወል፤ ጀልባዋ ተሳቢዋ ላይ አንድ ሳምንት ትቆይ።