ከኪዮቶ፣ «ደህና ነኝ»



ባለፈው ሳምንት ከሒሳብ ክፍል አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የቡና ስኒያቸውን እንደያዙ ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ሴት ልጃቸው በዩኒቨርሲቲዋ በኩል ለአንድ ዓመት ጃፓን ሄዳ የመማር ዕድል አግኝታለች። «አንቺ እዚያ ተምረሽ የለ? እንዴት ነው አገሩ? ልላካት?» አሉኝ። «በጣም ጥሩ አገር ነው፤ ይላኳት» አልኳቸውና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ማታ ቤቴ ስገባ ግን መልሴ ከነከነኝ። እናቴ በስልክ በጠየቀችኝ ቁጥር ዓመቱን ሙሉ ስሰጣት የኖርኩት መልስ እሱ ነበርና። ለባልደረባዬ የሚገባቸውን መልስ ዛሬ እዚህ ልጻፈው። ከእናንተም መካከል ልጁን ለመላክ የሚያስብ አይጠፋም።

የሦስተኛ ዓመት የቢዝነስ ተማሪ ሳለሁ ነው በልውውጥ ፕሮግራም ወደ ኪዮቶ የሄድኩት። የተቀበለኝ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አይጠይቀኝም፤ ለኑሮ ደግሞ በወር 80 ሺህ የን ይሰጠኛል። ገንዘቡ አዲስ አበባ ሆኜ ሳሰላው ብዙ ነበር።

ከደስታው ልጀምር። እንደደረስኩ የእጅ ሰዓቴን ላስተካክል ስል የግድግዳው ሰዓትና የእኔው አንድ ዓይነት ሆነው አገኘኋቸው! ጃፓን ከእኛ 6 ሰዓት ትቀድማለች፤ እኛ ደግሞ ሰዓት የምንቆጥረው ከሌላው ዓለም 6 ሰዓት ዘግይተን ነው። አዲስ አበባ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን የኪዮቶም ሰዓት 3 ይላል፤ እዚያ ግን ከቀትር በኋላ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሰዓቴን ሳልነካ ኖርኩ።

ሁለተኛው ደስታ ፊደሉ ነበር። ጃፓኖች ሂራጋና እና ካታካና የሚባሉ ሁለት የፊደል ገበታዎች አሏቸው፤ እያንዳንዳቸው 46 መሠረታዊ ፊደላት ይይዛሉ። አንዱ ፊደል እንደ እኛው ተነባቢውንና አናባቢውን አጣምሮ ይይዛል፦ ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ። ሀ ሁ ሂን ቆጥሮ ላደገ ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ሁለቱንም በሦስት ሳምንት ጨረስኳቸው። ኩራቴ የተሰበረው ካንጂ ጋ ስደርስ ነው። ለዕለት ተዕለት ጽሑፍ ያስፈልጋሉ ተብለው በመንግሥት የተዘረዘሩት ብቻ 2,136 ናቸው።

ሦስተኛው ደስታ ጎረቤቴ ናቸው። ስልሳዎቹን የተሻገሩ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ነበሩ፤ በልቤ «እትዬ» እላቸዋለሁ። ከኢትዮጵያ መምጣቴን ስነግራቸው ፊታቸው በራና «አቤቤ!» አሉ። በ1964 የቶኪዮ ኦሎምፒክ አበበ ቢቂላ ማራቶኑን ሲያሸንፍ ልጅ ሆነው በቴሌቪዥን አይተውታል። ከድሉ ይልቅ የማይረሱት፣ ሌሎቹ ገና ሳይደርሱ ሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ሲያፍታታ ያዩትን ነው። አበበ ለእኔ ሁልጊዜ በሮም በባዶ እግሩ የሮጠው ሰው ነበር፤ ኪዮቶ ውስጥ ግን የእኚህ ሴት የልጅነት ትዝታ ሆኖ አገኘሁት።

አሁን ወደ ዳገቱ እንምጣ።

ሰው ሁሉ ስለ ምግቡና ስለ ቋንቋው ያስጠነቅቃል። እውነት ነው፣ ከዓሣ የሚዘጋጀው ዳሺ የሚባለው መረቅ አትክልት በሚመስለው ምግብ ውስጥ ሁሉ ስለሚገባ ጾም ያስቸግራል። ቋንቋውም ይከብዳል። እኔን የጎዳኝ ግን ይሉኝታ ነው። እኛ አገር ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር። ለካ ጃፓኖችም አላቸው፤ ያውም ከእኛ የባሰ። ስትሳሳቱ አይነግሯችሁም። ስትናገሩ «ሃይ፣ ሃይ» ይሏችኋል፤ እኔ መስማማታቸው ይመስለኝ ነበር፣ እነሱ ግን «እየሰማሁሽ ነው» ማለታቸው ነው። «አንድ ቀን አብረን እንብላ» ይሏችኋል፤ ያ ቀን ላይመጣ ይችላል። እኛስ መንገድ ላይ «ብቅ በይ እንጂ» ስንል ሁልጊዜ ከልባችን ነው እንዴ? የእነሱ ይሉኝታ አይነግረኝም፤ የእኔ ይሉኝታ አያስጠይቀኝም። ሁለቱ ሲገናኙ የሚተርፈው ዝምታ ነው።

ብርዱ ሲገባ ገንዘቡ አልበቃ አለኝ። ተማሪ ፈቃድ ካወጣ በሳምንት እስከ 28 ሰዓት መሥራት ስለሚችል፣ የታሸገ ምሳ በሚያዘጋጅ ፋብሪካ ውስጥ የማታ ሥራ ጀመርኩ። ሩዝ ላይ እንቁላል ስደረድር አመሽና ጠዋት ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥለኛል። በዚህ መሐል ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ፖስታ መምጣት ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ አራት። በካንጂ የተሞላ ነው፤ ቁጥሮቹን ብቻ ነው የማነበው። የክፍያ ወረቀት መሆኑ ገብቶኛል፤ የምን እንደሆነ ግን ማንንም መጠየቅ አፈርኩ። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

በገና ሰሞን ትኩሳት ያዘኝ። ጥር መጀመሪያ ላይ ነው፤ እነሱ የአዲስ ዓመት በዓላቸውን ጨርሰው ወደ ሥራ ተመልሰዋል፣ የእኛ ገና ለእነሱ ተራ ቀን ነው። ክፍሌ በጣም ይበርዳል። ሐኪም ቤት መሄድ ፈራሁ፤ ፖስታዎቹ የጤና መድን ዕዳ ከሆኑ መድኔ ተቋርጧል፣ ሙሉውን ክፈይ እባላለሁ ብዬ። እናቴ ደወለች። በእሷም ሰዓት 3፣ በእኔም ሰዓት 3። ከጀርባዋ የቤተሰቡ ጫጫታ ይሰማኛል። «ደህና ነሽ? በላሽ?» አለችኝ። «ደህና ነኝ፣ እማዬ። አሁን በላሁ» አልኳት። ከሁለት ቀን በፊት ከበላሁት ሩዝ በቀር ሆዴ ውስጥ ምንም አልነበረም።

በማግስቱ በሬ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው። ኪዮቶ ውስጥ የሚቃጠለው ቆሻሻ በሳምንት ሁለት ጊዜ በቢጫ ከረጢት ይወጣል፤ የእኔ ከረጢት ሁለቴ ሳይወጣ ሲቀር ነው የመጡት። ግንባሬን ነክተው አንድም ቃል ሳይናገሩ ካፖርቴን አለበሱኝ። ክሊኒኩ ውስጥ የመድን ካርዴ እንደ ወትሮው ሠራ፤ የከፈልኩት 30 በመቶውን ብቻ ነበር። ሲሻለኝ መሳቢያውን ከፍቼ ፖስታዎቹን ሰጠኋቸው። ይዘውኝ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄዱ። ገቢ የሌለው ሰው አንድ ቅጽ ቢሞላ የመድን መዋጮው ይቀነስለታል፣ ያለፈውንም በየወሩ ከፋፍሎ መክፈል ይችላል። ሌሊት እንቅልፍ ያሳጣኝ ዕዳ ከፋብሪካው የወር ደመወዜ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ስንመለስ «ለምን አልነገርሽኝም?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ከዚያ እሳቸውም አቀርቅረው፣ ከመስከረም ጀምሮ ቆሻሻዬን በስህተት እየደባለቅኩ ሳወጣ እሳቸው በየማለዳው እየከፈቱ ሲለዩልኝ እንደኖሩ ነገሩኝ። «እርስዎስ ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው። መንገድ ላይ ቆመን እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

ከዚያ በኋላ ያለው ወራት ሌላ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ካንጂ ያስነብቡኛል፤ እኔ ከቤት የተላከልኝን ቡና እየቆላሁ ከአቦል እስከ በረካ አጠጣቸዋለሁ። የፋብሪካው አለቃዬም «ሆሬንሶ» የሚባል ነገር አስተማረኝ። የሥራውን ደረጃ ሪፖርት አድርግ፣ የሚመለከተውን ሰው አሳውቅ፣ ሳይብስ አማክር ማለት ነው፤ የሦስቱ ቃላት መነሻ ሲገጣጠም በጃፓንኛ ስፒናች የሚባለውን ቅጠል ስም ይሰጣል። ካይዘንን እኛም አገር ብዙ ፋብሪካዎች ያውቁታል፤ ለእኔ ግን እስከዛሬ በማርኬቲንግ ሥራዬ እንጀራ ያበላኝ ይሄኛው ቅጠል ነው።

ለእናቴ እውነቱን የነገርኳት አገሬ ከገባሁ በኋላ ነው። አልተቆጣችም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብላ ብዙ ቆየችና «እኔስ የሰማሁት ድምፅሽ ልክ እንዳልነበረ አውቄያለሁ፤ እንዳላስጨንቅሽ ብዬ ዝም አልኩ» አለችኝ። የእሷም ይሉኝታ ነበረበት ለካ።

ስለዚህ ለባልደረባዬ በማግስቱ ያልኳቸውን ለእናንተም ልበል። ላኳት። ከመሄዷ በፊት ሂራጋናና ካታካናን ትጨርስ። የድጋፍ ገንዘቡ እስኪደርሳት የመጀመሪያውን ወር የሚያሻግር ገንዘብ ትያዝ። ቤት ከያዘች በ14 ቀን ውስጥ አድራሻዋን ታስመዝግብ፤ የጤና መድኑንም እዚያው ትጨርስ። ቅናሽ እንዳለም ትጠይቅ። ጎረቤቷን በመጀመሪያው ሳምንት ትተዋወቅ።

ስትደውሉላት ደግሞ «በላሽ?» ብላችሁ አትብቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ «በላሁ» ነውና። «በዚህ ሳምንት ምን ፖስታ መጣልሽ? ማን አነበበልሽ?» በሏት። ድምፅዋ ከተለወጠባችሁ «ምነው ድምፅሽ?» ማለት አትፍሩ።

ባልደረባዬ ሁሉንም በማስታወሻቸው ጻፉ። ልጅቷ በመስከረም ትሄዳለች። የእጅ ሰዓት ሊገዙላት አስበዋል፤ በእኛ አቆጣጠር ሞልተው እንዲሰጧት ነግሬያቸዋለሁ።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ቸር ሰንብቱ።