ስለ ኩበት መጻፍ ነውር ነው ወይ?

የተከበራችሁ የየጁቤ ሠፈራችን ነዋሪዎች፤

እንደሚታወቀው አገራችን ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚጠየቀው የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ነው። ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች ግን አመልካቹ ስለ ራሱ እንዲጽፍ ጭምር ይጠይቃሉ። ብዙዎቹ በጋራ በሚቀበሉት ማመልከቻ ላይ ጽሑፉ ከ650 ቃል አይበልጥም፤ ርዕሱንም ራስ መምረጥ ይፈቀዳል።

አንዲት የሠፈራችን ልጅ ከእናቷ ጋር ኩበት ስለ መጠፍጠፍ ጽፋ አሳየችን። እኛም ሳቅንባት። «ይኼማ ያዋርደናል፤ ሐኪም ሆኜ ወገኔን እረዳለሁ በዪ» አልናት። አንገቷን ደፍታ ሄደች።

ኋላ ስናስበው ጥፋቱ የኛ ነው። እኛ የጎጃም ሰዎች ይኼ እንዴት ይጠፋናል? ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቤት የሌላውን ቅኔ ደግሞ የሚያቀርብ ተማሪ ማን ያመሰግነዋል? የራሱን አዲስ ቅኔ መቁጠር አለበት እንጂ። ሐኪም እሆናለሁ የሚለውን ሺህ ልጅ ይጽፈዋል። የእናቷን ኩበት ግን የምታውቀው እሷ ናት።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ፊደሉን እናርምላቸው እንጂ ነገሩን አንቀይርባቸው። ልጅቱም የማመልከቻው ቀን ሳያልፍ ያንኑ ወረቀቷን ይዛ ትምጣ፤ አሁን አንስቅም።

የማኅበሩ ጸሐፊ