ክኒን ከመርፌ አያንስም

በአገራችን በብዙ ሕመምተኞች ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ እምነት አለ፤ ይኸውም መርፌ ኃይለኛ፣ ክኒን ግን ደካማ ነው የሚል ነው። ከጤና ጣቢያ ክኒን ብቻ ተሰጥቶት የሚመለስ ሰው እንዳልታከመ ይቆጥረዋል፤ «መርፌ እንኳ ሳይወጉኝ!» እያለም ያማርራል። በእኔ አስተያየት ይህ እምነት ስሕተት ብቻ ሳይሆን ጎጂም ነው።

የመድኃኒት ኃይል የሚመዘነው በሚገባበት መንገድ ሳይሆን በውስጡ ባለው ቅመምና በመጠኑ ነው። እንግሊዛዊው ዊሊያም ብሮክደን እ.ኤ.አ. በ1843 ዱቄትን ጨምቆ ክኒን ለሚሠራ መሣሪያው የፈጠራ መብት ካገኘ ወዲህ፣ ልኩ የታወቀ ክኒን በብዛት ማዘጋጀት ቀሏል። የተዋጠው ክኒን በጨጓራና በአንጀት ውስጥ ሟሙቶ ወደ ደም ይገባል፤ ደሙም ወደ መላው አካል ያደርሰዋል። ካፕሱል የሚባለው ደግሞ መድኃኒቱን በሚሟሟ ቀፎ ውስጥ የያዘ ነው። አንዳንዱም ክኒን የጨጓራ አሲድ እንዳያበላሸው ልዩ ሽፋን ይደረግለታል። እንዲህ ያለውን ባለሙያ ሳያማክሩ ሰባብሮ መዋጥ የተደከመበትን ሁሉ ከንቱ ማድረግ ነው።

እርግጥ ነው፤ ራሱን ለሳተ ወይም ያለማቋረጥ ለሚያስመልሰው ሰው መርፌ አስፈላጊ ነው። ኢንሱሊንም ቢዋጥ በሆድ ውስጥ ስለሚፈጭ በመርፌ ይሰጣል። ነገር ግን ንጽሕናው ባልተጠበቀ መርፌ መወጋት የጉበት በሽታንና ኤች አይ ቪን ሊያስተላልፍ ይችላል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ ፈጥኖ ለመዳን ሲሉ ሌላ በሽታ መሸመት ይሆናል።

የክኒን እውነተኛ ድክመት ያለው በእኛ ዘንድ ነው። መርፌውን ባለሙያ ይወጋል፤ ክኒኑን ግን በሰዓቱ መዋጥ የሚገባው ታማሚው ራሱ ነው። ለወባ የሚሰጠው ኮአርተም ስብ ካለው ምግብ ጋር፣ በ3 ቀናት ውስጥ በ6 ጊዜ ተከፍሎ ይወሰዳል። ትኩሳቱ በረደልኝ ብሎ የቀረውን በመሳቢያ የሚያስቀምጥ ሰው ግን በሽታው ሊያገረሽበት ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ወራት ይፈጃል፤ በመካከሉ የሚያቋርጥ ሰው መድኃኒቱን የተላመደ በሽታ ለቤተሰቡ እስከ ማስተላለፍ ይደርሳል።

ስለዚህ ከእንግዲህ ልንጠይቅ የሚገባን «ለምን መርፌ አልተሰጠኝም?» ብለን ሳይሆን፣ «ይህን ክኒን መቼ፣ ከምን ጋርና እስከ መቼ ልውሰድ?» ብለን ነው።